የሚያዝያ 16 ሒሳብ፦ ፖርቱጋልኛንና ሒሳብን በአንድ ዲግሪ

የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እርሳስና ወረቀት አቅርቡ፤ አብረን የምናሰላው አለ። አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ አስቀድሜ ልናገር። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን በምጠራበት ጊዜ «በእኛ» እላለሁ።

ርእሳችን ፖርቱጋልኛ ቋንቋንና ሒሳብን አጣምሮ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ማጥናት ነው። «ደግሞ ይሄ ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። ቁጥር የሚወድ ወደ ቁጥሩ፣ ቋንቋ የሚወድ ወደ ቋንቋው ይሄዳል እንጂ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ያውም ፖርቱጋልኛ፣ ያውም በአዊ ምድር! ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ፍለጋ ሊዝቦን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከሰከላ እንጀምራለን።

ከዚያ በፊት ግን ጥምር ዲግሪ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ ሁለት የትምህርት ዓይነቶችን እኩል ይዞ መመረቅ የቆየ ልማድ ነው። ሒሳብና ፍልስፍና፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብና አንድ የውጭ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ቋንቋ ካለበት ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል፤ ከአራቱ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን፣ ተማሪው ቋንቋው በሚነገርበት አገር ያሳልፋል። ፖርቱጋልኛን የመረጠ ፖርቱጋል ወይም ብራዚል ይሄዳል ማለት ነው። ቋንቋውን ከፊደሉ ጀምሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጀምሩም ብዙ ናቸው። ሒሳቡ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ጠንካራ መሠረት ይጠይቃል፤ እሱን ከዜሮ የሚያስጀምር የለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ መንገዱ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ይከፈላል። ተማሪው ወይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በመጀመሪያው ዓመት የሒሳቡ ኮርስ እንኳ ለሁለት የተለየ ነው፤ ለተፈጥሮ ሳይንስ አንድ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ሌላ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተማሪ አንድ ዲፓርትመንት ነው። የቀድሞ መምህራን ግን ሜጀርና ማይነር የሚባለውን ያስታውሳሉ። ዋናውን ትምህርት ይዘው ሌላ አንድ በተጓዳኝ ያጠኑ ነበር። እኔ በበኩሌ የዚያ ልማድ መቅረት ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን አሁን ከምናሰላው ሒሳብ ታገኙታላችሁ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ሰው ነበር። ስፔናዊ ነው፤ በ1564 ተወለደ። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተይዞ በየመን ለዓመታት ታሰረ። በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ በ1622 እዚሁ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ጻፈ። የጻፈውም በእናቱ ቋንቋ በስፓኒሽ ሳይሆን በፖርቱጋልኛ ነው፤ ተልእኮው በፖርቱጋል ሥር ስለነበር። ስለዚህ «ፖርቱጋልኛ ለእኔ ባዕድ ነው» የምትል ተማሪ ካለች፣ ለፓኤዝም ባዕድ ነበር። መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1905 እና በ1906 ሮም ላይ ታተመ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የወጣው ደግሞ ገና በ2011 ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ሳለ ሰከላ ወዳለው የዓባይ ምንጭ መውጣቱን ይናገራል። በአካባቢው የሚኖሩት አገዎች መሆናቸውንም ጽፏል። ቀኑን ሲጠቅስ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ይላል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ስንት ነበር? በዚያ ሳምንት የአካባቢው ሕዝብ ምን ላይ ነበር? ጾም ላይ ወይስ ፍስክ ላይ?

ፖርቱጋልኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀኑን አንብቦ ይተረጉማል። ኤፕሪል 21 ዛሬ ሚያዝያ 13 ላይ ይውላልና «ሚያዝያ 13» ብሎ ይጽፋል። ተሳስቷል። ስሕተቱ ከቋንቋ አይደለም፤ ትርጉሙ ልክ ነው። የጎደለው ስሌት ነው።

እስኪ እንመልከተው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ ዝንፍ አይልም። አውሮፓውያንም እስከ 1582 ድረስ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምሩ ነበር። ይህ አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር በጥቂቱ ይረዝማል፤ ትርፉ በዘመናት ተጠራቅሞ የፀደይ ወቅታቸውን አዛባባቸው። በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ዘለሉ፤ በኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። ከዚያ ወዲያ በመቶ የሚያልቁ ዓመታት ለ400 ካልተካፈሉ በስተቀር ተጨማሪ ቀን እንዳይኖራቸው ተደነገገ። ፖርቱጋልና ስፔን ለውጡን በዚያው ዓመት ተቀበሉ። ስለዚህ ፓኤዝ በ1618 የሚቆጥረው በአዲሱ ነው።

አሁን ጻፉ። በ1618 በአሮጌውና በአዲሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት አሥር ቀን ነበር። ዛሬ ግን አሥራ ሦስት ነው። ሦስቱ ቀን ከየት መጡ? 1700፣ 1800 እና 1900 ለ400 አይካፈሉም፤ በአዲሱ አቆጣጠር ተጨማሪ ቀን አላገኙም፤ በአሮጌው ግን አግኝተዋል። 2000 ለ400 ስለሚካፈል አልቆጠርነውም። ሦስት ዓመታት፣ ሦስት ቀናት። እንግዲህ በዛሬው ልዩነት ያገኘነው ሚያዝያ 13 ላይ ሦስት ስንጨምር ሚያዝያ 16 ይሆናል። ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ላይ የቆመው በእኛ ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ነበር።

ገና አልጨረስንም። ፋሲካ በዚያ ዓመት መቼ ዋለ? እዚህ ላይ ከአብነት ትምህርት ቤት የተማራችሁ አባቶችና ወንድሞች ከእኔ ትቀድማላችሁ፤ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫው ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት 5500 ላይ 1610 ጨምሩ፤ 7110 ይመጣል። ለ19 አካፍሉት። የሚተርፈው 4 ነው። ከአራቱ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 3 ነው። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 33፤ ሠላሳውን ግደፉ፤ አበቅቴው 3። ወንበሩን በ19 አባዙ፤ 57፤ ሠላሳውን ግደፉ፤ መጥቅዑ 27። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ 3 እና 27 ግን 30 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 27 ይውላል። በዚያ ዓመት መስከረም 1 ዓርብ ስለነበር መስከረም 27 ረቡዕ ይሆናል፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ጭማሪው፣ 4 ነው። 27 እና 4፣ 31፤ ሠላሳው ሲገደፍ 1። ጾመ ነነዌ የካቲት 1 ገባች። ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 10 ላይ እናገኘዋለን።

ሚያዝያ 10 እሑድ ከሆነ ሚያዝያ 16 ቅዳሜ ነው። ፓኤዝ ምንጩን ያየው በፋሲካ ሳምንት፣ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ላይ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ የሮማውያኑን ፋሲካ ለብቻው በእነርሱ ቀመር ብታሰሉት ለ1618 ኤፕሪል 15 ይሰጣችኋል። ኤፕሪል 15 ደግሞ በዚያ ዓመት የእኛ ሚያዝያ 10 ነው። ስለ ሃይማኖትና ስለ በዓላት አቆጣጠር ብዙ ክርክር በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በዚያ ዓመት የሁለቱ ወገኖች ፋሲካ አንድ ቀን ውሏል። ይህን ለማወቅ ወረቀት፣ እርሳስና አንድ መስመር ፖርቱጋልኛ በቃን።

ልብ አድርጉ፣ ባሕረ ሐሳብን የሚማር ደቀ መዝሙር ግእዙን ከአንድ ቦታ፣ ስሌቱን ከሌላ ቦታ አይማርም። ቃሉና ቁጥሩ አብረው ነው የሚመጡለት። የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ይህን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጥምር ትምህርት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

ፓኤዝ ምንጩ ዘንድ ሲደርስ አይቶ ብቻ አልተመለሰም፤ ለካ። ጦር አስገብቶ ጥልቀቱን ሞከረ፤ አንዱ ጦር መሬት አልነካ ቢለው ሁለት ጦር አስሮ ወደ ሃያ ስንዝር የሚደርስ አስገባ፤ መጨረሻውን አላገኘም። የፖርቱጋሎች ስንዝር ወደ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ሃያ ጊዜ ሃያ ሁለት፣ አራት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር። የእኛ ገበሬ ስንዝር ግን የየራሱ እጅ ነው፤ ስለዚህ ተርጓሚው «ሃያ ስንዝር» ብሎ ካለፈ ቃሉን መልሶ መለኪያውን ጥሎታል። በ1770 ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እዚያው ምንጭ ደርሶ ፓኤዝ ቀድሞኝ አልመጣም ብሎ ሲከራከር እነዚህን መሰል ዝርዝሮች ነበር የሚፈትሸው። ዳንግላ ያላችሁ ደግሞ ከተማችሁ የብሪታንያ ቆንስላ መቀመጫ እንደነበረች ከሽማግሌ ሰምታችሁ ይሆናል። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ቆንስል ሆኖ የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ ለካ፤ ካርታ ሠራ፤ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። አካባቢያችን ለመለካት የመጣ ሰው አጥቶ አያውቅም። መጽሐፎቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ አንብቦ፣ ልኬታቸውን በራሱ እጅ የሚፈትሽ የአካባቢው ተወላጅ ነው የሚያስፈልገው።

ለመሆኑ ፖርቱጋልና ሒሳብ እንዴት ናቸው? በ1502 የተወለደው ፔድሮ ኑኔስ የንጉሡ የባሕር ጉዞ ሊቅ ነበር፤ በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምሯል። መርከብ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ ቢሄድ የሚጓዝበት መስመር በምድር ሉል ላይ ወደ ዋልታው እየተጠመዘዘ የሚሄድ መሆኑን ያሳየ እርሱ ነው። ኮይምብራ ከተማሩት አንዱ ክሪስቶፈር ክላቪየስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ይህ ሰው ነው ቅድም ያሰላነውን የ1582ን የዘመን አቆጣጠር ለውጥ ካዘጋጁት ዋነኞቹ አንዱ።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ ብራዚል አለች። በሪዮ ዴ ጃኔሮ በ1952 የተቋቋመ የሒሳብ ምርምር ተቋም አላት፤ በፖርቱጋልኛ ስሙ ምኅጻር ኢምፓ ይባላል። እዚያ የተማረው አርቱር አቪላ በ2014 የሒሳብ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ፤ ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ለተማሪዎቻችን ግን ከሜዳልያው ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ኢምፓ ከ2005 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ኦሊምፒያድ ያዘጋጃል፤ ሚሊዮኖች ይወዳደሩበታል። ጥያቄዎቹና መልሶቹ በነጻ ይገኛሉ። የተዘጋጁትም ለሀብታም ልጅ አይደለም፤ በገጠርና በከተማ ዳር ለሚማር ልጅ ነው። የዳንግላ መምህር ፖርቱጋልኛውን በመጠኑ ቢያነብ በየሳምንቱ ለክፍሉ አዲስ ጥያቄ አያጣም።

ሲያነብ ግን ይጠንቀቅ። በፖርቱጋልኛ የቁጥር አጻጻፍ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ቦታ ይለዋወጣሉ። እኛ አንድ ነጥብ አምስት የምንለውን እነርሱ በሰረዝ ይጽፉታል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶን ደግሞ ከአንዱ ቀጥሎ ነጥብ አድርገው ይጽፉታል። ያልለመደ ዓይን አንድ ሺህ አምስት መቶውን አንድ ተኩል ብሎ ያነበዋል። የባሰም አለ። በብራዚል ቢሊዮን እንደ እኛው ሺህ ሚሊዮን ነው፤ በፖርቱጋል ግን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። የአንድ አገር በጀት በዚህ ስሕተት ሺህ እጥፍ ሊያብጥ ይችላል። የሒሳብ ስሜት የሌለው አስተርጓሚ ቁጥሩ የማይሆን መሆኑ እንኳ አይታወቀውም።

አፍሪካ ውስጥም ፖርቱጋልኛ አለ። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ጊኒ ቢሳውና ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ይጠቀሙበታል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። በሞዛምቢክ ብዙ ዘመን ያስተማረው፣ በ2014 የሞተው ፓውሉስ ጌርደስ የእጅ ባለሙያዎች በሚሠሩት ቅርጫትና የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ጂኦሜትሪ አጥንቷል። በኢንያምባኔ ሴቶች የሚሠሩትን ሲፓትሲ የሚባል ቦርሳ ጥለት እየቆጠረ ስንት ዓይነት ጥለት ሊኖር እንደሚችል አስልቷል። ብራዚላዊው ኡቢራታን ዳምብሮዚዮ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። እንጅባራ ቀርከሃ የሚሰነጥቅና የሚጎነጉን ሞልቷል። አንድ ሰው የጌርደስን ሥራ አንብቦ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ቀርከሃ ሠሪዎቹ ቢሄድ የመመረቂያ ጽሑፍ አገኘ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከዛሬው ርእስ ሁሉ ለአዊ ልጅ የሚቀርበው ይህ ነው።

ሌላም አለ። አውንጊ ተናጋሪዎች የሆናችሁ አሁን በቤታችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ። ሁለትንና ሰባትን አስተያዩ፤ ሦስትንና ስምንትንም። ዝምድናው ይሰማችኋል። በአምስት ላይ የተመሠረተ የአቆጣጠር ፈለግ ነው፤ አንድ እጅ ሞልቶ በሁለተኛው የመቀጠል ዓይነት። የአዊ ሕፃን ሒሳብን በታችኛው ክፍል በአውንጊ ይጀምራል፣ ከአማርኛው ጋር ያዋህደዋል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ይማረዋል። ቁጥርን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር ለእርሱ የዕለት ሥራ ነው፤ ማንም እንደ ችሎታ ቆጥሮ ነጥብ አልሰጠውም እንጂ።

አሁን ወላጆች የምትጠብቁት ጥያቄ፦ ሥራ አለው ወይ? የሥራ ዋስትና ነው ብዬ አላታልላችሁም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሉዋንዳም ማፑቶም ሳኦ ፓውሎም ይበራል፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ ከብራዚል ጋር የብሪክስ ማኅበር አባል ናት፤ የአፍሪካ ኅብረት ሰነድ በፖርቱጋልኛም ይወጣል። ይህ ሁሉ በር ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው፣ የሚከፈተውም አዲስ አበባ እንጂ እንጅባራ አይደለም። ችግሩንም መደበቅ አይገባም። ጥምር ዲግሪ ባለበት አገር እንኳ የሁለቱ ዲፓርትመንቶች ፈተና በአንድ ሳምንት ይደራረባል፤ ተማሪው ከንጹሕ የሒሳብ ተማሪ ያነሰ ኮርስ ወስዶ ይመረቃል፤ ለማስተርስ ሲያመለክት የጎደለውን መሙላት ሊኖርበት ይችላል። ሒሳብ ረጅም ዝምታ ይፈልጋል፣ ቋንቋ ደግሞ በየቀኑ መለፍለፍ ይፈልጋል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጥምር ዲግሪ እስኪከፍት አትጠብቁ። የሚወደው ሒሳቡን በዲፓርትመንቱ ይዞ ዲግሪውን ይሥራ፤ የመውጫ ፈተናም አለበት። ፖርቱጋልኛውን በቀን ግማሽ ሰዓት በስልኩ ይዞ ይቀጥል፤ የሚያውቀውን ሒሳብ የሚያወራ ጽሑፍ ያንብብበት። የሒሳብ ገጽ ግማሹ ምልክት ስለሆነና ምልክቱ በአብዛኛው በሁሉም ቋንቋ አንድ ስለሆነ፣ ያልታወቀው ቃል ከእኩልታው ይገመታል። ልብ ወለድ ይዞ ከመጀመር ይቀልላል። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጣችሁም ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር ካገኛችሁ እግሩ ሥር ቁጭ በሉ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። የፖርቱጋል ወታደሮች በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ መሪነት በ1541 ምጽዋ ወረዱ። ዳ ጋማ በ1542 ተገደለ፤ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድን ገጠሙ። ኢማሙ የወደቁበትን ቀን የታሪክ መጻሕፍት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 ይሉታል። በእኛ ስንት ነው? በየትኛው የሳምንት ቀንስ ዋለ? ቅድም የተጠቀምንበትን የአሥር ቀን ልዩነት እንዳለ እንዳትወስዱት። ዓመቱን ከ1582 ጋር አስተያዩና መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልን፤ ስሌቱን ከነደረጃው፣ መልሱን ብቻ አይደለም።